የእሳተ ገሞራውን አፍ ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ታች ስለማዛወር

የደንብ ልብስ ስፌት ድርጅት የጡረታ ሽኝት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡40
ቦታ፦ ተራራው ላይ፣ ከእሳተ ገሞራው አፍ ሁለት መቶ እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ ሥራ አስኪያጁ በተቀመጡበት ድንጋይ ዙሪያ

የተገኙ አባላት፦
1. ሥራ አስኪያጅ፣ ሰብሳቢ (ተቀምጠው)
2. የሰው ኃይል ኃላፊ፣ ምክትል ሰብሳቢ
3. የቆረጣ ክፍል ተወካይ
4. ሹፌር
5. የቁልፍ ክፍል ሠራተኛ፣ በቅጽል ስማቸው እትዬ ቁልፍ፣ አባልና ተሸኚ
6. የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተገኘ፦ አስጎብኚ

ምልዓተ ጉባኤው አራት ሰው ሲሆን ስድስቱም ስላሉ ስብሰባው ተጀምሯል።

አጀንዳ 1፦ ስለ መቆማችን

ሰብሳቢው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ከተጠበቀ በኋላ፣ የቆሙት ደክሟቸው ሳይሆን ሁኔታውን ለመገምገም መሆኑ እንዲሰፍር አሳሰቡ። ሰፍሯል።

እትዬ ቁልፍ ለሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው የግድግዳ ሰዓት ሲታሰብላቸው፣ "ሰዓት ይቅርብኝ፤ ዕድሜዬን በመስኮት ያየሁት ጢስ ከየት እንደሚወጣ አሳዩኝ" ማለታቸውን አስታወሱ። ማክሰኞ ጉልበታቸው ኦፕራሲዮን እንደሚደረግ፣ ከዚያ ወዲያ ተራራ የሚባል እንዳያስቡ ሐኪሙ መናገሩንም ጨምረው "እንሂድ እንጂ" አሉ። አስጎብኚው አምስት ሰዓት ላይ ደመና ወርዶ አፉን እንደሚከድነው አስረዳ።

የሰው ኃይል ኃላፊ በድርጅቱ አሠራር ከኃላፊ ቀድሞ የተጎበኘ ነገር እንደሌለ ገለጹ። የቆረጣ ክፍል ተወካይ "እሳተ ገሞራውስ ይህን መመሪያ ደርሶታል?" ብለው በመጠየቃቸው ሥርዓት እንዲይዙ ተነገራቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ ከሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ማንም አፉ ዘንድ እንዳይደርስ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ሥራ አስኪያጁ አለመነሣት

ሹፌሩ "ጌታዬ፣ ልዘልዎት፤ አክስቴን ከዚህ የባሰ ዳገት አዝዬ አውጥቻለሁ" አሉ። ሰብሳቢው የአክስትየዋን ክብደት ከጠየቁ በኋላ ሐሳቡ ውድቅ ሆኗል።

የሰው ኃይል ኃላፊ፣ ሥራ አስኪያጁ ወደ አፉ መሄድ ካልተመቻቸው አፉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሊዛወር እንደሚችል አመለከቱ። ባለፈው ዓመት የማሽን ክፍሉ አንድ ማሽን ሳይነቃነቅ በደብዳቤ መዛወሩንም በማስረጃነት አቀረቡ። አስጎብኚው "ጌታዬ፣ እናንተ ጻፉ፤ ጉድጓዱ ግን እዚያው ነው" አለ። ድምፅ ስለሌለው ንግግሩ እንዳይመዘገብ ታዟል።

እትዬ ቁልፍ "ጢሱንስ? እሱንም ታመጡታላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ከሰብሳቢው ቴርሞስ የሚወጣው እንፋሎት ለጊዜው እንደሚበቃ ተመለሰላቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ በ4፡20፣ ሥራ አስኪያጁ የተቀመጡበት ቦታ የእሳተ ገሞራው አፍ እንዲሆን በሁለት ድጋፍ፣ በሁለት ተቃውሞና በሁለት ድምፀ ተአቅቦ፣ በሰብሳቢው ወሳኝ ድምፅ ጸድቋል። ሹፌሩ ድምፅ ያልሰጡት ሰኞ ሥራ ስላለባቸው ነው። ጸሐፊዋ እጃቸው በጽሕፈት ተይዞ ነበር።

አጀንዳ 3፦ የሽኝት ንግግር በአዲሱ አፍ

ሰብሳቢው ንግግራቸውን ማንበብ ጀመሩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እትዬ ቁልፍ ተነሥተው፣ "የኔ ልጅ፣ አንተ አንብበው፤ እኔ መጣሁ" ካሉ በኋላ የአስጎብኚውን ክንድ ይዘው ሽቅብ ሄዱ። የቆረጣ ክፍል ተወካይና ሹፌሩም "ብቻቸውንማ አይሄዱም" ብለው ተከተሉ። ሦስቱም ጃኬታቸውን ትተዋል።

ጸሐፊዋ ምልዓተ ጉባኤው መጓደሉን አሳወቁ። የሰው ኃይል ኃላፊ ጃኬቶቹ እንደ አባላት እንዲቆጠሩ ጠየቁ። ከጃኬቶቹ ተቃውሞ ስላልቀረበ ጸድቋል። ንግግሩም እስከ መጨረሻው ተነቧል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

በ4፡45 የሄዱት ተመለሱ። የእትዬ ቁልፍ ፊት አመድ ለብሶ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶት ነበር። "ጢሱ ነው" ብለዋል። ሰብሳቢው ያዩትን ለቃለ ጉባኤው እንዲያስረዱ ጠየቋቸው።

"ቀይ ነው" አሉ። ቆይተውም፣ "ተኝቶ እንደሚያንኮራፋ ሰው ይተነፍሳል። እኔ ያለቀለት ነገር መስሎኝ ነበር። ለካ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ማንም ሳያዘው!"

ከዚያ ሰብሳቢው በዝግታ "ሩቅ ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ምን አለው? ና፣ እያረፍን እንወጣዋለን።"

ስለ ጉልበታቸው ሲጠየቁ "ማክሰኞ መቀደዱ ላይቀር፣ ዛሬማ ይሥራ" ብለው መለሱ። የሰው ኃይል ኃላፊ፣ በውሳኔው መሠረት ሥራ አስኪያጁ አፉ ላይ ስለሆኑ የሚሄዱበት ቦታ እንደሌለ አሳሰቡ።

በመሆኑም ያለ ምንም ውይይት፦ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ የእሳተ ገሞራው አፍ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሷል።

ስብሰባው ከጠዋቱ 4፡50 ተበትኗል። ወደ አፉ አወጣጥ፦ እትዬ ቁልፍ ከፊት፤ ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን ይዘው ከኋላ።