አያ ቢተውና ቤት ለኪው ጣሊያን

ጥላው ሲከተለው ዞር ብሎ «ማን ልኮህ ነው?» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የደብረ ማርቆሱ ጎረቤቴ አያ ቢተው እንዲያ ነው።

በጣሊያን ጊዜ አንድ መኮንን ቤቱን ፈለገበት። በቧንቧ በሚዞር ሙቅ ውሃ ሊያሞቀው አስቦም፣ የውሃ ማፍያውን ጋን ልክ የሚያሰላ መሐንዲስ ላከ። የአያ ቢተው ልጅ ደግሞ አርበኛ ነው፤ ተደብቆ የሚያድረው እዚያው ነው።

«አያ፣ ግድግዳው ይወፍራል?» አለ ከመሐንዲሱ ጋር የመጣው አስተርጓሚ።

አያ ቢተው ጥይት ያሳልፍ እንደሆነ ሊያውቁ ነው ብሎ ጠረጠረ። «ስስ ነው፤ ነፋስ ያወዛውዘዋል።»

«መስኮቱስ?»

«ተዘግቶ አያውቅም።»

«ስንት ሰው ያድርበታል?»

«ማን ደፍሮ? እኔ ራሴ ውጭ ነው የማድረው።»

መሐንዲሱ ደምሮ አባዝቶ፣ ሙቀቱ ሁሉ እየወጣ ስለሚያልቅ ለዚህ ቤት የሚበቃው ጋን ከቤቱ ይበልጣል አለ። መኮንኑም ግድግዳው ወፍራም የሆነውን የእኔን ቤት ወሰደ።

ዕቃዬን ተሸክሜ ማደሪያ ብለምነው፣ አያ ቢተው በሩን ገርበብ አድርጎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ቤትህን የለቀቅህላቸው» አለ፣ «ምን ተስማምታችሁ ነው?»