ጋሼ ገመድ እና ሃያ ሦስቱ መሳቢያዎች

ከልካይ የሌለበት ቦታ የለም። ገነት እንኳ ብትገቡ በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ «ሣሩን አትርገጡ» ይላችኋል፤ እሱን አልፋችሁ ስትሄዱ ደግሞ ሌላው በማን ፈቃድ አለፋችሁ ብሎ ያስቆማችኋል። ሁላችንም እናውቃቸዋለን። መጽሐፍ እንዳይነበብ የሚጠብቅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አለ። ደጁ ላይ ማንም እንዳያቆም ድንጋይ የሚደረድር፣ እሱ ግን መኪና የሌለው ጎረቤት አለ። ለእንግዳ ብላ የገዛችውን ብርጭቆ እንግዳ ሲመጣ የምትቆልፍ አክስት አለች። እነዚህ ሁሉ ግን ጀማሪዎች ናቸው። የከልካዮች ሁሉ አለቃ እኛ መሥሪያ ቤት ነው ያሉት።

ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን። ዞር ሲሉ «ክቡር ጋሼ ገመድ» ናቸው። ሁልጊዜ ትከሻቸው ላይ ጥቅል ገመድ፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ አለ።

እኔ የውሸት ቤት እሠራለሁ። አትሳቁ፣ ሙያ ነው። የምሠራበት መዝናኛ ፓርክ ሰው ተረት ውስጥ ገብቶ የሚዞርበት ቦታ ነው። ጎብኚው እጁን አጣጥፎ አያይም፤ በር ይገፋል፣ ደወል ይጎትታል፣ መሳቢያ ይከፍታል፣ ተረቱም እሱ ሲነካካው ነው የሚቀጥለው። የኔ ሥራ ሰው እጁን እንዲዘረጋ ማድረግ ነው። የጋሼ ሥራ ደግሞ የተዘረጋው እጅ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። ወረቀት ላይ «የጎብኚዎች ደህንነት ኃላፊ» ይላቸዋል። ሁለታችንንም የቀጠረው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ምን አስቦ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ክቡርነታቸው አንድ አባባል አላቸው። «ነገር በዓይን ይገባል! እጅ ምን አገባው?» ይላሉ። ለሕፃን ይላሉ፣ ለሽማግሌ ይላሉ፣ አንዴ በስህተት ግድግዳ ለተደገፈው ለፓርኩ ባለቤትም ብለዋል። ባለቤቱ ደንግጦ እጁን ኪሱ ከተተና እስኪወጣ ድረስ አላወጣውም።

መጀመሪያ የገጠምነው በዚያው ግድግዳ ነው። ድንጋይ የሚመስል የስፖንጅ ግድግዳ ሠርቼ፣ ሰው እየዳበሰ ሚስጥራዊውን በር እንዲያገኝ አስቤ ነበር። በማግስቱ ስመጣ «ግድግዳውን መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ሰው ጽሑፉን እየነካ ማንበብ ጀመረ። ስለዚህ ከጽሑፉ ሥር «ይህን ጽሑፍ መንካት ክልክል ነው» ተጨመረ። በሦስተኛው ቀን በጽሑፎቹ ፊት ገመድ ተወጠረ፤ ገመዱ ራቅ ከማለቱ የተነሳ ምን እንደተከለከለ ማንም ማንበብ አልቻለም። ሰው ለማንበብ ገመዱ ላይ ሲንጠለጠል ፊሽካ ተነፋበት።

ከዚያ የጉድጓዱ ነገር መጣ። ልጆች ባልዲውን በገመድ ሲስቡት ከታች አንድ ድምፅ «ማነው ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ?» የሚልበት ጉድጓድ ሠራሁ። ሦስት ወር የፈጀ ሥራ ነው። አንድ ጠዋት ስደርስ ባልዲው አለ፣ ጉድጓዱ አለ፣ ገመዱ የለም። ፈትተው ወስደው በጉድጓዱ ዙሪያ አጥረውበታል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሚጎተት ገመድ ነው!» አልኳቸው፤ ደሜ ፈልቷል።

«ገመድ የሚጎተተው ሰው ሲሞኝ ነው» አሉኝና ሄዱ።

ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ይኸው እስከ ዛሬ እንደተኛ ነው። ደህና እደር!

የአግዳሚ ወንበሩንስ ምን ልበላችሁ? መግቢያው አጠገብ ለአረጋውያን ማረፊያ የተሠራ አግዳሚ አለ። ላዩ ላይ «ቀለሙ አልደረቀም» የሚል ወረቀት አለ። ቀለሙ የተቀባበት ቀን የተወለደች የባልደረባዬ ልጅ አሁን ትሮጣለች፣ ትሳደባለች፤ ቀለሙ ግን አልደረቀም። አረጋውያኑ አጠገቡ ቆመው ይጠብቃሉ።

አንድ እሑድ ቤታቸው ጠሩኝ። መቼም ቤት ሲገቡ ሰው ይሆናሉ ብዬ ነበር የሄድኩት። ሶፋው ፕላስቲክ ለብሷል፤ ስቀመጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ፕላስቲኩ ደግሞ በላስቲክ ታስሯል። ባለቤታቸው ሳቂታ ሴት ናቸው። «ሠላሳ ዓመት ተቀመጥኩበት፣ የሶፋዬን ልብስ አንድ ቀን አልነካሁትም» አሉኝ። «ስሞት ይገለጥልኛል መሰለኝ።»

«ለልጅ ልጆች ነው» አሉ ጋሼ።

«የልጅ ልጆቹንማ መቼ አስቀመጥካቸው!»

እስከዚህ ድረስ መሳቅ ይቻላል። የሰዓት ሠሪው ቤት ላይ ሲደርሱብኝ ግን ሳቄ አለቀ።

የሰዓት ሠሪው ቤት የሁለት ዓመት ልፋቴ ነው። ተረቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ከቤቱ ጠፍቷል፤ ጎብኚው ገብቶ ሃያ ሦስት መሳቢያዎችን እየከፈተ፣ ቁልፍ እየፈለገ፣ ሰዓት እየሞላ የት እንደሄደ ያገኛል። እያንዳንዱን መሳቢያ በእጄ ነው የሠራሁት። ቤቱ ካልተነካ ቤት አይደለም፣ የዕቃ መጋዘን ነው። ቅዳሜ ሊከፈት ሐሙስ ዕለት ሥራ አስኪያጇ ሁለታችንንም ጠራችን።

«ነገሩ አጭር ነው» አለች። «ጋሼ ከፈረሙ ቤቱ በእጅ የሚነካ ይሆናል። ካልፈረሙ ነገ ማታ መስታወት ይገባለትና ከውጭ ይታያል።»

«መስታወት» አሉ ጋሼ። አፏን እስክትዘጋ እንኳ አልጠበቁም።

«ጋሼ፣ መሳቢያዎቹ ካልተከፈቱ ሰውዬው የት እንደሄደ በምን ይታወቃል?»

«ጽፈን እንለጥፋለን።»

«ምን ብለን?»

«ሄዷል ብለን።»

ማታ ለባለቤቴ ስነግራት እሷ እንኳ ሳቀችብኝ፤ ሁለት ዓመት ስለዚያ ቤት ስሰማ ኖሬ መጨረሻው «ሄዷል» ነው እንዴ አለችኝ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፓርኩ ደረስኩ። ሐሳቤ መሳቢያዎቹ ሲከፈቱ በስልኬ ቀርጬ፣ ሥራ አስኪያጇን ለምኜ፣ ካስፈለገም እግሯ ላይ ወድቄ መስታወቱን ማስቀረት ነበር።

የቤቱ በር ክፍት ነው። ጋሼ ትናንት በሩ ላይ የወጠሯቸው ገመዶች ተፈትተው፣ በሥርዓት ተጠቅልለው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ደፉ ላይ አንድ ጥንድ የወንድ ጫማ ወልቋል። ቀስ ብዬ አንገቴን አስገባሁ።

ክቡር ጋሼ ገመድ መሬት ላይ ተንበርክከዋል። እጅጌያቸው እስከ ክርን ተሰብስቧል። ቀኝ እጃቸው ላይ የሴት ስቶኪንግ አጥልቀዋል፤ አዎ፣ ቡናማ የሴት ስቶኪንግ! በዚያ እጃቸው መሳቢያዎቼን አንድ በአንድ እየከፈቱ ውስጡን፣ ሥሩን፣ ጠርዙን ይዳብሳሉ። ያንን ሁሉ ዓመት «እጅ ምን አገባው» ያሉት ሰውዬ!

ጉድ በል! ደስታዬን አትጠይቁኝ። ስልኬን አወጣሁና መቅረጽ ጀመርኩ። ይሄን ምስል ለመላው ሠራተኛ አሳያለሁ፣ ለሥራ አስኪያጇም፣ ለባለቤታቸውም አሳያለሁ አልኩ በልቤ።

«ምነው ጋሼ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ነገር በዓይን ይገባል አልነበር እንዴ?»

ዞር እንኳ አላሉም። «ዝም በል» አሉኝ። «አሁን ያዘኝ።»

«ምኑ?»

«ና ተንበርከክ።»

ተንበረከኩ። ምን ላድርግ? እጃቸው አሥራ አንደኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የናሱ ቁልፍ የተሰቀለበት፣ የተረቱ ዋና መሳቢያ። ስቶኪንጉ ከላይ በኩል አንድ ነገር ላይ ተጠልፎ ክሩ ተመዟል። ቀስ ብለው አላቀቁትና ጣቴን ይዘው ወደዚያው ወሰዱት። የሚስማር ጫፍ ነው። ከጣውላው ወጥቶ ወደ ታች የቀሰረ፣ እንደ መርፌ የሾለ።

«ይቺን ማን መታት?»

እኔ ነኝ። የቁልፉን መንጠቆ ሰኞ ዕለት ቸኩዬ፣ ቡሎን ፍለጋ መውረድ ሰልችቶኝ፣ ያገኘሁትን ረጅም ሚስማር መትቼበት ነበር። ከዚያ በኋላ መሳቢያውን ሃምሳ ጊዜ ከፍቼዋለሁ፤ ቆሜ፣ ከላይ ወደ ታች። አንድም ቀን አልነካኝም።

«አንተ የሞከርከው በራስህ ቁመት ነው» አሉኝ። «የአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ ነው እጇን የምትሰደው፣ ከታች ወደ ላይ። ክንዷን ስትመልስ እስከ ክርኗ ይቀደድ ነበር።»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

«ስቶኪንጉስ?» አልኩ።

«የባለቤቴ ነው፣ አሮጌ። መዳፌ ደንድኗል፣ ስንጥር ቢገባበትም አይነግረኝም። ይሄ ግን ትንሿን ሻካራ ነገር ይይዛል። የልጅ ገላ በለው።»

«ሁሉንም እንዲህ ነው የሚዳብሱት?»

«ታዲያ በምን ላውቅ? የዳበስኩትን እፈታለሁ። ያልደረስኩበት ላይ ገመድ አስራለሁ። እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ እናንተ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ነገር ትሠራላችሁ።»

«አግዳሚው ወንበርስ ጋሼ? ሁለት ዓመት ሆነው እኮ።»

ጋሼ ትንሽ አሰቡና ግንባራቸውን በስቶኪንጉ እጅ መቱ። «ሞት ይርሳኝ! እሱንስ ረስቼው ነው።»

ፒንሳ አመጣሁ፣ ሚስማሩን ነቀልኩ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ፣ አንዴ ብቻ። ቀኑን ሙሉ አብረን ስንንበረከክ ዋልን፤ እሳቸው በቀኝ እግሩ ስቶኪንግ፣ እኔ በግራው። አራት ስንጥርና አንድ የላላ ማጠፊያ አገኘን፤ ሁሉም የኔ ሥራ። ባገኙ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኛል፣ እኔ ወለሉን አያለሁ። ማታ መስታወት የሚገጥሙት ሰዎች ሲመጡ ጋሼ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እስኪበሳ ተጭነው ፈረሙ። ሰዎቹ መስታወታቸውን ተሸክመው ተመለሱ።

ያነሳሁትን ምስል አጠፋሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቼን ይዤ የትም ስሄድ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ሰድጄ እዳብሳለሁ፤ ባለቤቴ «ምን ጠፋብህ?» እያለች ታፍርብኛለች። ሰውዬውን እወዳቸዋለሁ። እንዳትነግሩብኝ።

ቅዳሜ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገባችው ጥርሷ የወለቀ አንዲት ትንሽ ልጅ ናት። እናቷን ጥላ ሮጠች፤ ሃያ ሁለቱን መሳቢያዎች ትታ አሥራ አንደኛውን ሳበችና ክንዷን እስከ ትከሻዋ ድረስ ሰደደችው። እኔና ጋሼ በሩ ጥግ ቆመናል። ፊሽካውን ይነፉታል ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አንድ ሻካራ መዳፍ እጄን አፈፍ አደረገኝ። ልጅቷ «እማዬ፣ አንድ ነገር አለ! አንድ ነገር አለ!» እያለች ውስጡን ታስሳለች፤ የኔ ጣቶች እርስ በርሳቸው ተጣበቁ። ክንዷ ሲወጣ አየሁት። መዳፏ ውስጥ የናሱ ቁልፍ አለ፤ ቆዳዋ ላይ አንዲት ጭረት የለም።

«ወጣ ጋሼ፣ ደህና ናት» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ዓይናቸውን ገለጡ፤ ልጅቷን አዩ፤ ቀጥሎ የያዙትን እጅ አዩና ጣል አደረጉት።

«ምን ትነካኛለህ አንተ!» አሉኝ።