በጥፍር የገባች ጎል

የኳስ ደጋፊ ሁሉ ማሸነፍ ይወዳል ያላችሁ ሰው፣ ሐረርን በካርታ እንጂ በእግሩ አያውቃትም! እኛ የፈላና በር ሰፈር ሰዎች ዋንጫውን ለቸገረው ሰው የተውን ነን። ሦስት ለዜሮ ተሸንፈን እንኳ አንዱ ልጃችን ኳሷን በሰው እግር መሃል ካሾለከ... በቃ፣ ሰፈሩ ያን ቀን ሠርግ ነው። ጎል? እሱማ ላም አለኝ በሰማይ!

የውበታችን ዳኛ አው ዩሱፍ ናቸው፤ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ተቀምጠው የሰፈሩን ማሊያ በነጻ የሚሰፉልን ሽማግሌ። አንድ ደንብ አላቸው። ጨዋታው ዓይናቸውን ለሞላው ተጫዋች ብቻ ስሙን ጀርባው ላይ ይጠልፉለታል። እኔ ታምሩ፣ የቀኝ ተከላካዩ፣ ፀጉሬ ከግንባሬ እስኪሸሽ ድረስ በባዶ ጀርባ ተጫውቻለሁ። በረኛው እንኳ ስም አለው! እናንተ ሳቁ፤ እኔን ግን ያንገበግበኛል።

ባለፈው እሑድ ከኤረር በር ሰፈር ቡድን ጋር ለዋንጫ ገጠምን። ልጆቻችን ይቀባበላሉ፣ አው ዩሱፍ "ማሻአላህ!" ይላሉ፣ ኳሷ ጎሉ አፋፍ ትደርስና... እንደገና ወደ ኋላ ትመለሳለች። ለምን? ገና አላማረችማ! ዜሮ ለዜሮ እንዳለን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የማዕዘን ምት አገኘን። እኔም "ዛሬ ስሜን አስጠልፋለሁ" ብዬ ወደ ፊት ወጣሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል... ኳሷ እግሬ ሥር ዱብ!

"አብርዳት!" አሉ አው ዩሱፍ ከዳር።

ማብረድ? እኔ? ዓይኔን ጨፍኜ በእግሬ ጥፍር ጠለዝኳት። የተከላካዩን ጉልበት መታች፣ ተመልሳ የገዛ መቀመጫዬን መታች፣ ከዚያ እየተንፏቀቀች... ገባች!

እጄን ዘርግቼ እየጮህኩ ወደ ደጋፊዎቻችን ሮጥኩ። ጭጭ። የአንድ ሰው ሳል ብቻ ተሰማ። ዘወር ስል ካፒቴናችን የኤረር በርን በረኛ አቅፎ "ይቅርታ ወንድሜ፣ ሆን ብሎ አይደለም" ይለዋል። ይባስ ብለው ደጋፊዎቻችን ሜዳ ገቡና፣ በኳስ ሲያታልለን የዋለውን የኤረር በር አጥቂ ትከሻቸው ላይ አወጡት! ዋንጫውን ዞር ብሎ ያየው ስላልነበረ ታቅፌው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ሰማሁ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አሸነፋችሁ አሉ... አይዞህ፣ በሰው ላይ የሚደርስ ነው።"

ማክሰኞ አው ዩሱፍ አስጠሩኝ። ማሊያዬን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል።

"አው ዩሱፍ፣ ይቅር ይበሉኝ..."

"ዝም በል! ወላሂ፣ ያቺን ጎል ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ግን ጎል ጎል ነው፤ የሰው ሐቅ አልበላም። ስምህን ጠልፌልሃለሁ።"

እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው፣ መጣ! ማሊያውን ተቀብዬ ዘረጋሁት። ጀርባው ባዶ ነው። ደረቱን አየሁ... ባዶ።

"የታለ፣ አው ዩሱፍ?"

"በውስጥ በኩል ነው" አሉ፣ ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ። "አንተ ታውቀዋለህ፣ አላህም ያውቀዋል። የሚያየው ሰው ግን ምን በደለ?"