ዕድሜ ልኩን የሚማር ሙሽራ

በ2015 ዓ.ም. የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበርሁ። የእህቴ ልጅ በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ ወደ አገሩ መካነ ሰላም ተመለሰና፣ የአያ ሞላን ልጅ እንድጠይቅለት ሽማግሌ አድርጎ ላከኝ። ለመሆኑ ምሩቅ ምን እንደሚችል ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ማረስ መቻሌን ያወቅሁት አርሼ ነው። እሱ ግን ዩኒቨርሲቲው «ተመራቂያችን ይህን ይችላል» ያለውን በቃሉ ይዞታል፤ እኔንም እንደ ዳዊት አስደገመኝ።

አያ ሞላ ደጅ ቆምሁ።

«ልጃችሁ ምን ይችላል?» አሉ።

«ማሽን ይነድፋል፤ ችግር ይተነትናል፤ ከሰው ተባብሮ ይሠራል።»

«እሰይ!»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? «ዕድሜ ልኩንም ይማራል» ብዬ ጨመርሁ።

ፊታቸው ጠቆረ። «አምስት ዓመት ሙሉ ጠበቀችው፤ አሁንም ገና ነው? ልጄ ስንቅ ስትቋጥርለት ልታረጅ ነው? በሉ ሲጨርስ ኑ!»

ልጁ ይህን ሲሰማ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «አጎቴ፣ እሱ እኮ የትምህርቱ ግብ ነው!» አለኝ። ግቡማ ሚስቱን ሊያሳጣው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጋቢዬን ደርቤ ተመልሼ ሄድሁ። ተቀመጡ ቢሉኝ እንቢ ብዬ፣ «አያ ሞላ፣ የዩኒቨርሲቲውን ጨርሷል። ዕድሜ ልኩን የሚማረው ከልጅዎ ነው» አልኋቸው። ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እኔም ያን ጊዜ ተቀመጥሁ።