ቀዩ ለቀኝ፣ ሰማያዊው ለግራ

ሰው ሳትለምነው ሲያዝንልህ ትንሽ አትጠረጥርም? እኔ እጠረጥራለሁ። ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁትም አስተማሪውን ጠርጥሬ ነው፤ እሱ ይቅር።

ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። ሁለቱንም እጄን ችፌ በላኝ። ቆዳው ቀልቶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ውሃ ቋጥሮ። ተሳፋሪው መልሱን ከእጄ መቀበል ተጸየፈ። ወንበሩ ላይ ጣልልኝ ይለኛል። ሾፌሩም እስከ ፋሲካ ካልዳንክ ሌላ ረዳት እፈልጋለሁ ብሎ ቁርጡን ነገረኝ።

ይኼኔ ነው አንዲት ዶክተር ከከተማ የመጣችው። የሞላሌው መድኃኒት አዋቂ ጋሽ ደምሴ ለችፌ የሚሰጡትን ቅጠል ከእሳቸው ተቀብላ፣ ጨምቃ ቅባት ውስጥ ቀይጣዋለች፤ መሥራት አለመሥራቱን ልትፈትን። ሁለት ብልቃጥ ሰጠችኝ፤ ክዳኑ ቀይ የሆነው ለቀኝ እጄ፣ ሰማያዊው ለግራ። በአንዱ ቅጠሉ አለበት፣ ሌላው ባዶ ቅባት ነው አለች። የትኛው ነው ብላት፣ እንዳላዳላ ብዬ እኔም አላውቀውም አለችኝ። ደግሞ እጅህን በናፍጣ መታጠብ ተው አለችኝ። እኛ ረዳቶች እጃችን ላይ የተለጠፈውን የመኪና ግራሶ የምናስለቅቀው በናፍጣ ነው። እሺ ብዬ ተውኩ።

ግን የሰጠችውን የማታውቅ ሐኪም አይተህ ታውቃለህ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ! እኛ አገር ወንድማማች የአባቱን መሬት ሲካፈል ለሙንም ጭንጫውንም ለሁሉም ያዳርሳል። ታዲያ አንዱ እጄ ለሙን፣ ሌላው ጭንጫውን ሊወርስ? ሁለቱንም ብልቃጥ ቅቤ ማስቀመጫ ውስጥ ገለበጥኩና አማስዬ፣ ሁለቱንም እጄን እኩል ቀባሁ።

እኩል ዳኑ። ዶክተሯ እጆቼን እያገላበጠች አየች፤ በዚህ ሰው ላይ ቅጠሉ ከባዶው ቅባት አልበለጠም ብላ ጻፈች። ወሬው ሞላሌ ገበያ ደረሰ። የጋሽ ደምሴ መድኃኒት ተፈትኖ ወደቀ ተባለ።

ጸጸተኝ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ስምዎን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ቅባቱን ደባልቄው ነው አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ።

«አንተ ሞኝ፣ የአባቴን ቅጠል ለማላውቀው ሰው የምሰጥ መሰለህ? የሰጠኋት በጎቼ የሚግጡትን ነው።»

እሳቸው እሷን ጠርጥረው፣ እኔ እሷን ጠርጥሬ፣ እሷ ብቻ አምናን ጻፈች። ታዲያ እጄን ምን አዳነው?

ይኸን እያብሰለሰልኩ መሐል ሜዳ ተመለስኩ። ጎማ ቀይረን ስንጨርስ ሾፌሩ የናፍጣውን ጣሳ ገፋ አደረገልኝና ታጠብ እንጂ አለኝ። እጄን ልነክር ብዬ ቀጥ አልኩ።

አገሩን ሁሉ ስጠረጥር፣ ይኸን ጣሳ አንድ ቀን እንኳ ጠርጥሬው አላውቅም።