የሰለሞን የክሪኬት ምክር

ከሩቅ ሆኖ ቡድን የሚያሠለጥን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እስራኤል፣ ቤርሼቫ ከተማ፣ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ከአንዱ ጋር ሠርቻለሁ። ከህንድ የመጣው ሰለሞን፣ የትውልድ ሀገሩ ቡድን «ቴስት» በሚባለው የአምስት ቀን ክሪኬት በተሸነፈ ቁጥር፣ መጥረጊያ እንደ ኳስ መምቻ ይዞ በዕብራይስጥ ያስተምረን ነበር። ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ሳይቀር ቆሞ የሚያዳምጥ ይመስላል።

«ችግራቸው መቸኮል ነው» ይላል። «መጀመሪያ ከጨዋታ ሳይወጡ እስከ ምሳ ዕረፍት መቆም፤ ከዚያ እስከ ሻይ ዕረፍት።»

የእናቴን ሐዘን ጨርሼ የተመለስኩ ዕለት ካርቶን ማንሳት አቃተኝ። «ሥራውን ልተወው ነው» አልኩት።

«እስከ ምሳ ብቻ ቆይ» አለኝና ካርቶኖቼን ሁሉ አነሳልኝ።

ከምሳ በኋላ «እስከ ሻይ» አለኝ። ዕቃ ቤት ውስጥ ሻዩን ሲያቀብለኝ እንባዬ መጣ። ሰለሞን አልቅሼ እስኪወጣልኝ በሩ ላይ ቆሞ ሰው እንዳይገባ ከለከለልኝ።