የተሸፈነው ሥዕል ተሰርቋል ተብሎ በቬርኒየ የተደረገ አውጫጭኝ

ቀን፦ እሑድ ኅዳር 24 ቀን 1976 ዓ.ም.
ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡15 (የተጠራው ለ7፡00 ነበር)
ቦታ፦ ጄኔቫ፣ ቬርኒየ፣ ወ/ሮ የወይንሐረግ የሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን

የተገኙ፦
አቶ አስፋ፣ ሊቀ መንበር፣ ከጄኔቫ
ወ/ሮ የወይንሐረግ፣ ከሳሽ፣ ከቬርኒየ
ወ/ሮ ብዙነሽ፣ ተከሳሽ፣ ከዙሪክ ሽዋመንዲንገን
አቶ ወልደሥላሴ፣ ምስክር፣ ከዙሪክ ቪዲኮን፣ አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ
ወ/ሮ ምንትዋብ፣ ምስክር፣ ከጄኔቫ
ኅሩይ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ

አቶ ቢረሳው ሥራ ገብተው ቀርተዋል። ከሰባት አባላት ስድስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

የጉዳዩ መነሻ፦ የቅዱስ ገብርኤል ማኅበራችን ሥዕል በጨርቅ እንደተጠቀለለ በየወሩ ከተረኛ ወደ ተረኛ ይተላለፋል። ካህን ካልሆነ በቀር ማንም አይገልጠውም። እዚህ አገር ካህን ስለሌለን ስምንት ዓመት ሳይገለጥ ቆየ። ባለፈው ወር ከለንደን የመጡ ቄስ በወ/ሮ የወይንሐረግ ቤት ቢገልጡት የሽንኩርት መክተፊያ ጣውላ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ተረኛ የነበሩት ወ/ሮ ብዙነሽ ናቸው።

1. ስለ ሥርዓቱ

ሊቀ መንበሩ ነገሩ ለእግዚአብሔር ቢተው ይሻላል ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ደጋፊ አላገኙም። አቶ ወልደሥላሴ እንደ አባቶቻችን አውጫጭኝ እንቀመጥ፣ ሌባው ሳይታወቅ ማንም አይውጣ አሉ። ወ/ሮ ምንትዋብ ሽንት ቤትም ቢሆን ወይ ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሽንት ቤት እንዲፈቀድ፣ የዙሪክ ባቡር ግን እንዳይፈቀድ ተወስኗል።

በሥርዓቱ መሠረት ምስጢር የሚያውቅ ሰው ለ«ወፍ» ሹክ ይላል፤ ወፍ ለጉባኤው ይናገራል፤ ማን እንደነገረው ግን አይገልጽም። ጸሐፊው ወፍ ሆኖ ተመርጧል። ፈቃዱ አልተጠየቀም።

2. ስለ ተሰረቀው ዕቃ ምስክርነት

አቶ ወልደሥላሴ ሌባ ከመባሉ በፊት ዕቃው መኖሩና መልኩ በሁለት ምስክር ይረጋገጥ ብለው፣ አንደኛው ምስክር ራሳቸው ሆኑ። ሥዕሉ ነጭ ፈረስ አለው ሲሉ መሰከሩ። ወ/ሮ ምንትዋብ ፈረስ የጊዮርጊስ ነው፤ የኛ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ሲያወጣ ነው፣ እሳቱም ደማቅ ነው አሉ። በዓይናቸው አይተው እንደሆነ ተጠየቁ። በጨርቁ ላይ ሙቀቱ ይታወቃል ሲሉ መለሱ። ሥዕሉን ከአገር ቤት ያመጡት ሊቀ መንበሩ ናቸውና እርሳቸው ይመስክሩ ቢባል፣ ሰብሳቢ ምስክር አይሆንም ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

ፈረሱም እሳቱም እንዲመዘገቡ ተወስኗል።

3. ስለ ተጠርጣሪዋ

ወ/ሮ የወይንሐረግ ከብዙነሽ ስቀበለው ቀሎኝ ነበር አሉ። ያን ጊዜ ለምን እንዳልተናገሩ ተጠየቁ። ጾም ስለነበር ሰው ማማት አልፈለግሁም ብለዋል። ወ/ሮ ብዙነሽ መልስ እንዲሰጡ ሦስት ጊዜ ተጠይቀው «እኔ አልሰረቅሁም» ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩም። አቶ ወልደሥላሴ ዝምታም ቃል ነው ብለው አስመዘገቡ።

በሦስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ (ጸሐፊው) ወ/ሮ ብዙነሽ ከማኅበሩ እንዲሰረዙ፣ ለደስታም ለኀዘንም ማንም ደጃቸውን እንዳይረግጥ ተወስኗል። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን አላወጡም። ወ/ሮ ብዙነሽ ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ በሩ ሄዱ።

4. የወፍ ቃል

በዚህ ጊዜ ሊቀ መንበሩ ወፍን እንደሚፈልጉ ገልጸው ጸሐፊውን ወደ ኮሪደሩ ይዘውት ወጡ። ሲመለሱ ጸሐፊው፣ ሥዕሉን ያጠፉት አቶ አስፋ ናቸው ሲል ለጉባኤው ተናገረ። አቶ ወልደሥላሴ ይህን የነገረህ ማነው አሉ። ሥርዓቱ አይፈቅድም ተባሉ። ወ/ሮ ምንትዋብ ኮሪደሩ ላይ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው ሲሉ አስታወሱ።

አቶ አስፋ ቆመው እንዳስረዱት፣ በ1968 ሥዕሉን ቦሌ ላይ ፈታሾች ወስደውባቸው ጨርቁን መልሰውላቸዋል። ሥዕል ይዤ እመጣለሁ ብለው ጽፈው ስለነበር ባዶ እጃቸውን መግባት አፈሩ። ከጄኔቫ ሱቅ መክተፊያ ገዝተው ጠቀለሉበት። በሚመጣው ወር እናገራለሁ ሲሉ ስምንት ዓመት አለፈ።

ወ/ሮ ምንትዋብ የልጃቸው ፔርሚ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የተገኘው በመክተፊያው ፊት ተስለው መሆኑን ገልጸው፣ ይህ ይጸናል ወይ ሲሉ ጠየቁ። የደረሰ ስለት እንደማይመለስ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ወ/ሮ ብዙነሽ ከበሩ ሳይመለሱ፣ እሳቸው ይህን ከአምስት ዓመት ጀምሮ እንደሚያውቁ ተናገሩ። የወንድማቸው መርዶ በመጣ ቀን ተረኛ ነበሩ። የመልአኩን ፊት እያዩ ሊያለቅሱ ጨርቁን ገለጡ። አይተው መልሰው ጠቀለሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌባ ሲባሉ ለምን ዝም እንዳሉ ወ/ሮ የወይንሐረግ ጠየቁ። ብናገር አቶ አስፋ ይዋረዳል፣ ማኅበሩም ይፈርሳል፤ እኔን ብታስወጡኝ ግን እናንተ ትኖራላችሁ ብዬ ነው አሉ።

ጸሐፊው ያን ጊዜ አልጻፈም፤ አፍሮ ነበር።

5. ውሳኔ

ከተራ ቁጥር 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ፣ ፈረሱና እሳቱ ጭምር፣ ተሽሯል። ስርቆት አልተፈጸመም። አውጫጭኝም አልተቀመጥንም። መክተፊያው በጨርቁ ተጠቅልሎ ተራውን ይቀጥላል።

ስብሰባው ከምሽቱ 12፡40 ላይ ተበትኗል። ወ/ሮ የወይንሐረግ ጨርቁን ራሳቸው ቋጥረው ለወ/ሮ ብዙነሽ ቢያስረክቡ፣ ወ/ሮ ብዙነሽ ተሳልመው ተቀበሉት።